የቦቴ ሹፌር ሚስት ትንበያ

ባሌ የቦቴ ሹፌር ነበር። ከጅቡቲ ነዳጅ ጭኖ በገላፊ ይገባል፣ ሰመራን ያልፋል፣ አዋሽ ሰባት ኪሎ የነዳጅ ማከማቻው ዴፖ ላይ አራግፎ ባዶውን ይመለሳል። እኔ ሰመራ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት የዕቅድ ባለሙያ ነኝ። ትዳራችን መንገድ ላይ ነበር ማለት ይቻላል። ሲወጣም ሲወርድም እኔ ጋ ያቆማል፣ ሸሚዙን ይቀይራል፣ ያገኘውን ይበላል፣ ይሄዳል። ጭኖ ሲመጣ ደህና አድርጌ አላወራውም፤ እሳት የጫነ ይመስለኛል። ይህን ስለሚያውቅ፣ ጎማው በጭነት ተጨፍልቆ እያየሁት "ባዶ ነኝ" ይለኛል። ውሸት እንኳ የማይችል ሰው ነበር።

ከወደቡ እስከ አዋሽ የነዳጅ ቧንቧ ይዘርጋ የሚል ሐሳብ ቀረበ የተባለ ጊዜ፣ እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። ያ ሁሉ ቤንዚን ከመሬት በታች ይሄዳል፣ እሱም ከዚያ መንገድ ይወርዳል ብዬ ነው። ሐሳቡን የሚመረምረው ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ግን በመጀመሪያ ማወቅ የፈለገው በመስመሩ ላይ ያለው አገር ወደፊት ምን ያህል ነዳጅ እንደሚፈልግ ነበር። ፍላጎቱ ትልቅ ከሆነ ቧንቧው ያዋጣል፤ ትንሽ ከሆነ ቦቴው ይበቃል። የእኛን አካባቢ ትንበያ እንድሠራ ዕጣው እኔ ላይ ወደቀ። ባልሽ ምን ይሠራል ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም።

ለባሌ ስነግረው ጉርሻው እጁ ላይ ቀረ። እሱ የተወለደው አዋሽ ነው፤ የባቡር ሠራተኛ ልጅ ነው። አሮጌው ባቡር ሲቆም አባቱ ሌላ ሥራ አልሞከሩም። በየቀኑ ታጥበው፣ ለብሰው፣ ጣቢያው አግዳሚ ላይ ሄደው ይቀመጡ ነበር፤ እዚያው እንደተቀመጡ አረጁ። ባሌ ይህን ሲያወራ ድምፁ ይለወጣል። በሙሉ ስሙ ይጠራ የነበረ ሰው ሥራ ሲፈታ ማንም "ኧረ አንተ" ይለው ጀመር አለኝ። ከዚያ ዓይኔን እያየ፣ "ቁጥሩን አሳንሺው። ሌላ ነገር ለምኜሽ አላውቅም" አለ።

ወጥ ጨመርኩለት። ከሄደ በኋላ ግን በልቤ፣ አንተ አግዳሚ ላይ አርጅልኝ እንጂ እኔ ምን ቸገረኝ እያልኩ ነበር።

ቁጥሩን የማሳነስ ችግርም አልገጠመኝም፤ ራሱ አንሶ ነው የመጣው። ትንበያ የሚሠራው ካለፈው ተነስቶ ነው፤ ያለፈው ደግሞ ማደያዎቹ የሸጡት ነው። የእኛን ማደያ የሚያውቅ ያውቀዋል። አብዛኛውን ጊዜ "ነዳጅ የለም" የሚል ካርቶን ተንጠልጥሎበታል። ባጃጆቹ እስከ አስፋልቱ ተሰልፈው ፀሐይ ይበላቸዋል፤ የዱብቲ ሚኒባሶች ከመንገድ ዳር በጀሪካን ይገዛሉ። ነዳጅ ባልገባበት ቀን ሽያጭ የለም፣ ሽያጭ ከሌለ ደግሞ ፍላጎት ዜሮ ተብሎ ይጻፋል። ሰልፉ በረዘመ ቁጥር እኛ ነዳጅ የማንፈልግ ሰዎች እየሆንን ሄድን። አለቃዬን ይህ ስህተት ነው፣ የተሰለፈውም የጀሪካኑም ይቆጠር ብዬ ሞገትኩት። የጀሪካኑ ሕገ ወጥ ነው፣ ሰልፍ ደግሞ በሊትር አይለካም አለኝ። ተናድጄ ቢሮውን ጥዬ ወጣሁ። ወጥቼ የት እሄዳለሁ? ሰመራ እኮ ጥላ የለውም፤ ተመልሼ ገባሁ።

አንድ ተስፋ ቀርቶኝ ነበር። መርማሪዎቹ የሕዝቡን የነዳጅ ፍላጎት በአካል ለመስማት አዋሽ ላይ ስብሰባ ጠሩ። ባጃጅ ነጂው፣ ወፍጮ ቤቱ፣ በሞተር ውሃ የሚስበው ገበሬ መጥቶ ይናገራል ብዬ እኔም ሄድኩ። አዳራሹን ግን ከአፍ እስከ ገደፉ የሞሉት የቦቴ ሹፌሮች ናቸው፤ ባሌም መሃላቸው አለ። ሰብሳቢው የአካባቢው የነዳጅ ፍላጎት ምንድን ነው ብሎ ጠየቀ። እሱ የጠየቀው ሊትር ነበር። ግን ቃሉ ያው ፍላጎት ነውና፣ ሹፌሮቹ የሰሙት ምን ትመኛላችሁ የሚለውን ነው።

ባሌ ተነሳ። "ፍላጎታችን ቦቴው እንዳይነካ ነው። ነዳጁን እኛ እናደርሳለን" አለ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ።

ጸሐፊዋ የጻፈችውን ከትከሻዋ በላይ አነበብኩት፤ የአካባቢው የነዳጅ ፍላጎት በቦቴ እየተሟላ መሆኑን ተሳታፊዎች ገልጸዋል ይላል። ለሻይ ሲወጣ ሰብሳቢውን ጥግ ይዤ ለመንኩት። ሰዎቹ የመለሱት ያልተጠየቁትን ነው፣ ይህ ነገር ሊትር ሆኖ አይቆጠር አልኩት። ጣፋጭ ፈገግታ አሳይቶኝ፣ የሕዝብን ቃል እኔ ልለውጥ አልችልም አለ። ክርክሬን ውሃ በላው። ባሌ ከወዲያ ማዶ ብርጭቆውን ይዞ እያየኝ ነበር። ከትልቁ ሰውዬ ጋር እጄን እያወናጨፍኩ ስነጋገር አይቶ፣ ለሹፌሮቹ የምሟገት መሰለው።

ትንበያው ከእኔ ሠንጠረዥና ከዚያች ዓረፍተ ነገር ተጋግሮ ወጣ። ፍላጎቱ አነስተኛ ነው፣ ለጊዜው ቦቴው ይበቃል ተባለ፤ የቧንቧው ሐሳብም ወደ ጎን ተደረገ። ባሌ ፍየል ጭኖ መጣ። እንዲህ ሲስቅ ከሠርጋችን ወዲህ አላየሁትም። ሎጊያ ላሉት ሹፌሮች ሁሉ "ሚስቴ ናት ያዳነችን" ብሎ አውርቷል። አይደለም፣ እኔ የታገልኩት ለሌላው ወገን ነው ልለው አፌን ከፈትኩ። ፊቱን ሳየው አሳዘነኝና ሥጋው ጨው ይጎድለዋል አልኩት።

የከባዱ ሙቀት ወቅት ሐጋይ ሲገባ፣ ሙሉ ጭኖ ከገላፊ ወዲህ ባለ ጠመዝማዛ ላይ ተገለበጠ። የፊት ጎማው ፈንድቶ ነው አሉ። እሳቱ በርዶ ሰው እስኪጠጋው ቀኑ መሽቷል። የሰጡኝን ሣጥን ማንም እንድከፍት አልፈቀደልኝም፤ ቀላል ነበር፣ ሁለት ሰው ብቻ ተሸክሞት ስለሄደ አወቅሁ።

የተቀበረው አዋሽ፣ አባቱ ጎን ነው። ድንኳኑ ውስጥ ሹፌሮቹ በተርታ ተቀመጡ። መንገዱን አብሮት የኖረ አንድ ሽማግሌ የአፋር ሹፌር እፊቴ በርከክ ብሎ እጄን ያዘ።

"አላህ ሰብሩን ይስጥሽ፣ እህቴ" አለ። "አንቺ ባትኖሪ ኖሮ ይሄኔ ሁላችንም ሥራ ፈተን ቤታችን ነበርን። እሱ ይህን ሳያነሳ አንድ ቀን አልዋለም።"



"እኔ እኮ የታገልኩት ቧንቧው እንዲመጣ ነው" አልኩ። "ሥራ ፈቶ ቤቱ እንዲቀመጥልኝ ነበር የፈለግኩት። አላዳንኳችሁም። ማንንም አላዳንኩም።"

 እውነቱን ለመጀመሪያ ጊዜ ጮክ ብዬ መናገሬ ነበር። የሚቆጣኝ፣ የሚሰድበኝ ሰው ጠበቅሁ፤ ቢሰድቡኝ ይቀለኝ ነበር። ሽማግሌው እጄን ቀስ አድርጎ ጉልበቴ ላይ መለሰውና ወደ ሴቶቹ ዞረ።

"ሐዘኑ ነው የሚያናግራት" አለ። "ውሃ ስጧት።"

ነጠላዬን አስተካከሉልኝ፣ ውሃ አስጠጡኝ። ሹፌሮቹ እግዜር ያጽናሽ እያሉ አንድ በአንድ ወጡ። ቦቴዎቻቸው እንደተጫኑ ከመንገዱ ዳር ቆመው ነበርና፣ ዴፖው ሳይዘጋ ለማራገፍ ሞተር አስነስተው ሄዱ።