ባዶ ብዬ ያቀለምኩት መሬት

በደርግ ዘመን ዶዮገና አጠገብ አስተማሪ ሆኜ ስመደብ፣ መጀመሪያ የገረመኝ ሰዉ የት እንደሚኖር አለመታየቱ ነው። የማስተምረው ጂኦግራፊ ነው፤ መጽሐፉ አካባቢው ሕዝብ የተጨናነቀበት ነው ይላል። ከትምህርት ቤቱ በር ቆሜ ሳይ ግን ኮረብታው ሁሉ አረንጓዴ ነው፤ እዚህም እዚያም የሣር ክዳን ብቅ ይላል እንጂ መንደር የሚባል ነገር የለም። በገበያ ቀን ደግሞ ከዚያው አረንጓዴ ውስጥ ሰው ይወጣል፣ ይወጣል፣ አያልቅም። ቆሜ እቆጥር ነበር። ተማሪዎቼ «መምህር ሰው ጠፍቶባቸዋል» እየተባባሉ ይስቁብኝ ነበር።

ያደግሁት ጤፍ አገር ነው። እኛ ዘንድ መሬት ማለት የታረሰ፣ ድንበሩ የሚታይ ነው። ኮባ በአጥር ጥግ አንድ ሁለት እግር ትተከላለች፤ ቅጠሏ ለድፎ ዳቦ ነው፣ ሌላ ጥቅሟን አናውቅም። ቆጮ አዲስ አበባ ሳለሁ ከክትፎ ጋር በልቻለሁ፤ የእህል ዱቄት ይመስለኝ ነበር። ስለዚህ የአካባቢውን ካርታ እንድሠራ ሲነገረኝ፣ ኮባ የሞላበትን ሁሉ አረንጓዴ ቀባሁና «ባዶ» ብዬ ጻፍኩበት። ያዘዘኝ የመንደር ምሥረታ ኮሚቴ ነው፤ ተበታትኖ የሚኖረው ገበሬ መንገድ ዳር በመስመር ይስፈር ተብሏል። ባለቀለም እርሳስና ማስመሪያ የነበረኝ እኔ ብቻ ነኝ። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ይባል የለ፣ እንዲያ ነው የሆንኩት።

የኮሚቴው ሊቀመንበር እንደኔው ከሰሜን የመጣ ሰው ነበር። ካርታውን ወደደው፤ ከመንገዱ በስተግራ ባለው አረንጓዴ ላይ የአዲሶቹን ቤቶች መስመር አብረን አሰመርን።

መስመሩ ያረፈው በቤት አከራዬ ጓሮ ላይ ነበር። ባላቸው የሞተባቸው ሴት ናቸው። በገበሬ ማኅበሩ ስብሰባ ላይ ችካሉ የት እንደሚተከል ሲሰሙ ቤት መጥተው እጄን ያዙና ወደ ጓሮ ወሰዱኝ።

ውስጡ ገብቼ አላውቅም ነበር። እኔ ኮባ ያልኩት ሁሉ እንሰት ነው፤ በሩ አጠገብ ችግኞቹ አሉ፣ ቀጥሎ ጉልበት የሚደርሱት፣ ቀጥሎ ከራሴ በላይ የሆኑት፤ እያደጉ ሲሄዱ ይነቀሉና ወደሚቀጥለው ረድፍ ይዛወራሉ። ሴትዮዋ እያንዳንዱን ዓይነት እንደ ላም በስሙ ይጠሩታል። የትኛው ለቆጮ፣ የትኛው ለመድኃኒት እንደሆነ ጠየቅኩ። ከብቶቹ ከቤት ውስጥ ያድራሉ፤ ፍጉን በየማለዳው በየሥሩ የሚያደርሱት እሳቸው ናቸው። ቤቱ ከራቀ እንሰቱ ይራባል። ዳር እስከ ዳር በእርምጃ ለካሁት፤ ሁለት አውድማ ቢሆን ነው። በዚያች መሬት እሳቸው፣ አምስት ልጆችና አማታቸው ይኖራሉ። ያን ያህል መሬት በእኛ አገር አንድ በሬ አያጠግብም። ኮረብታው ለምን ያን ሁሉ ሰው እንደሚችል ገባኝና ደስታዬ ልክ አጣ፤ ለምን እዚያ እንዳመጡኝም ረሳሁ።

«መምህር፣ ይህ ከሄደ ልጆቼ ምን ይበላሉ?» አሉኝ። «ሌላ ብተክል እስኪደርስ ስንት ዓመት ነው?»

አፈርኩ። በማግሥቱ ካርታውን አውጥቼ መስመሩን በላጲስ አጠፋሁ። ግን የት ልውሰደው? ከታች ያለው መስክ ለቅሶ የሚቀመጡበትና ከብት የሚያሰማሩበት ነው፤ የአገሩ ሰው በሙሉ ይነሳብኛል። ከላይ ገደል ነው። የቀረው አረንጓዴ ሁሉ፣ አሁን ማየት ስችል፣ ከኋላው በርና ጢስ ነበረው። ከዚያ ሁሉ መሬት ባዶ የሚባል አንድ መዳፍ አጣሁ። ሊቀመንበሩ ደግሞ ችካሉ በዚህ ሳምንት ይተከላል ብሏል።

መስመሩን ከመንገዱ በስተቀኝ፣ ከሰላምታ በቀር በማላውቃቸው ሽማግሌ ጓሮ ላይ አሰመርኩት። ለኮሚቴው ግራው ረግረግ ነው አልኩ፤ አመኑኝ። አከራዬ ሲሰሙ እግሬ ላይ ሊወድቁ ነበር፣ አነሳኋቸው። መስመሩ ወዴት እንደሄደ አልጠየቁኝም፣ እኔም አልነገርኳቸውም።

ችካሉ ከተተከለ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በዚያ ሳልፍ ሽማግሌው ከልጆቻቸው ጋር ገና ያልደረሰ እንሰት ይነቅላሉ። ጠሩኝ። ቅጠል አንጥፈው አስቀመጡኝና የተቀቀለ የእንሰት ሥር፣ ትኩስ አምቾ ሰጡኝ። እንደ ልማዴ እንዴት እንደሚቀቀል ጠየቅኩ፤ ቀስ ብለው ሁሉንም አስረዱኝ። ከዚያ እሳቸው በተራቸው ጠየቁኝ።

«መምህር፣ ይህን ካርታ የሠራው ሰው እንሰት አያውቅም ይሆን?»

አያውቅም ብል ይቀለኝ ነበር። ደግሞም ለመጀመሪያው መስመር እውነት ነበር።

«ያውቃል» አልኳቸው።

ከዚያ ሌላ አምቾ ቆርሰው ቅጠሉ ላይ አኖሩልኝ፤ በላሁ።