ለሐኪሟ ያልነገርኳት

የታላቅ ወንድሜ ዓይን ቢጫ መሆኑን መጀመሪያ ያየችው እናታችን ናት። «የወፍ በሽታ ነው» አለች። በእኛ ሰፈር የወፍ በሽታ የያዘው ሰው ሐኪም ቤት አይወሰድም፤ መርፌ ከተወጋ ይሞታል ይባላል።

ወንድሜ መገናኛ ተራ አስከባሪ ነበር። ጉልበተኛ ሰው ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ወደ እንጦጦ፣ መድኃኒት አዋቂ ዘንድ ይዘነው ስንወጣ ግን ዳገቱ ላይ ሦስቴ ተቀመጠ።

መድኃኒት አዋቂው ሽማግሌ ናቸው። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ይህን መጻፍ አለብኝ። አክስቴን ከዚሁ በሽታ ያዳኗት እሳቸው ናቸው። የተወቀጠ ቅጠል በውኃ በጥብጠው ሰጡት።

«ኧረ አባባ፣ ይሄ በሬ ይጥላል!» አለ ወንድሜ ፊቱን አጨማዶ።

«አንተስ በሬ አይደለህ? ጨልጠው!»

ሳቅን። ለሁለት ጠዋት የሚሆነውን በጠርሙስ ሰጡንና ወደ እኔና ወደ እናቴ ዞሩ። «መጠጣቱን ለማንም እንዳታወሩ። ለሐኪምም ቢሆን። መድኃኒት ከተወራ ይረክሳል።»

ሰኞ ማስመለሱ አልቆም አለ። ሽንቱም ጠፋ። ሆስፒታል ወሰድነው። የሚያስገቡት አንድ አስታማሚ ብቻ ስለሆነ እናቴ በር ላይ ቀረች። ሐኪሟ ወጣት ናት። ሆዱን ዳብሳ ወደ እኔ ዞረች።

«የባህል መድኃኒት ወስዷል?»

«አልወሰደም።»

«አልቆጣህም፤ ማወቅ ስላለብኝ ነው። ቅጠል፣ ሥር፣ የሚጠጣ ነገር?»

ወንድሜን አየሁት። ዓይኑን ጨፍኗል። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ። ጉበት ምን እንደሚሠራ ለፈተና ሸምድጃለሁ። በዚያ ሰዓት ግን ያሰብኩት ሌላ ነው። ከተናገርኩ ይረክሳል። እሱም በእኔ አፍ ይሞታል።

«ምንም» አልኳት።

ረቡዕ ሞተ።

በቀብሩ ማግስት ሄጄ ነገርኳት። ለምን እንደሄድኩ አላውቅም። እንድትቆጣኝ ይሆናል። አልተቆጣችም። ስንት ጊዜ እንደጠጣ ጠየቀችኝ። የቅጠሉን ስም ጠየቀችኝ፤ አላውቀውም።

«ያኔ ብነግርሽ ይተርፍ ነበር?»

«እንጃ» አለች። «ሌላ ነገር እሞክር ነበር።»

ሽማግሌው ለቅሶ መጥተው ነበር። ድንኳኑ ውስጥ እንደ ዘመድ አለቀሱ። ሆስፒታል ምን እንደተባለ አልጠየቁንም፤ እኛም አልነገርናቸውም። ነገ ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሌላ ሰው ዳገቱን ሲወጣ ያንኑ ይበጠብጡለታል። ይህን እያወቅኩ ዝም ብዬ ሸኘኋቸው።

በሠልስቱ፣ ሰው ከተበተነ በኋላ፣ እናቴ አጠገቤ ተቀመጠች። ነጠላዋን ታፍተለትላለች።

«እሱ በሕይወት እያለ… ለሐኪሟ ነገርካት እንዴ?»

«አልነገርኳትም፣ እማዬ።»

በረጅሙ ተነፈሰች። «እኔማ ከአፍህ አምልጦህ ይሆናል ብዬ በልቤ ሳማህ ነበር። ይቅር በለኝ። ተባረክ ልጄ። የእሱን ዕድሜ ለአንተ ያድርግልህ።»

አሜን አልኩ።