ሁለት ጣት ትርፍ ጨርቅ

ሰፈሩ «አቶ ሜትር» ይለዋል። ልብስ ሰፊ ነው፤ ሜትር ከአንገቱ አይወርድም። ሱቁ ውስጥ ሲሆን ይሁን፤ ዳቦ ሊገዛ ሲወጣም፣ ምሳ ሲበላም፣ ፀጉሩን ሊስተካከል ወንበር ላይ ሲቀመጥም ያው ነው። አንድ ቀን ፀጉር አስተካካዩ ሜትሩን አጣጥፎ መስታወቱ ሥር ሊያስቀምጥለት ቢል፣ ሱሪው እንደወለቀበት ሰው ደንግጦ ብድግ አለ ይባላል። ሚስቱ የመጀመሪያ ልጃቸውን የወለደች ዕለትም ሆስፒታል የደረሰው እንዳንጠለጠለው ነበር። ነርሷ ሕፃኗን ስታሳየው እጁ ሳያስበው ወደ አንገቱ ሄደ።

«አይ አባት! እኛ ለክተናታል፤ አንተ ሳማት» አለችው።

ወሬ ላይ የለበትም። እንኳን ሰውን ሊያጽናና፣ «እንዴት አደራችሁ»ንም በግድ ነው የሚያወጣው። ዓይኑ ግን አያድርስ ነው። ከበር የገባን ሰው አንዴ ቀና ብሎ አይቶ ወገቡን በልቡ ይጽፈዋል፤ በሜትር ሲለካ ደግሞ ቢበዛ አንድ ሴንቲ ሜትር ነው የሚስተው። የስፌት ጓደኞቹ የሚያሾፉበት አንድ ልማድ አለው። ማንኛውንም ልብስ ሲሰፋ በጎንና ጎኑ፣ ከስፌቱ ወዲያ፣ ሁለት ጣት ትርፍ ጨርቅ ወደ ውስጥ አጥፎ ይተዋል። «ጨርቅ ታባክናለህ» ይሉታል። እሱ ትከሻውን ነቅነቅ አድርጎ ሥራውን ይቀጥላል።

ሚስቱ የሒሳብ መምህርት ናት። ቀጥ ያለች፣ ቀጭን፣ ስትራመድ ኮቴዋ የማይሰማ ስለሆነች ተማሪዎቿ «ጠመኔ» ብለዋታል፤ እሷም ታውቃለች፤ ደስ ይላታል። የምትለብሰውን ሁሉ የሚሰፋላት ባሏ ነው። ቁም ሳጥኗ ውስጥ የተሰቀሉት ልብሶች ቢቆጠሩ ከሰባት አይበልጡም፣ ግን እያንዳንዱ የራሱ ታሪክ አለው። ሰማያዊው ቀሚስ ገና ሳይተዋወቁ እንደ ማንኛዋም ደንበኛ መጥታ ያሰፋችው ነው። ግራጫው ጉርድ በቋሚነት የተቀጠረች ዕለት። ቡናማው ኮት፣ ከዳይሬክተሩ ጋር ስለ ተማሪ ብዛት ተከራክራ ያሸነፈች ዕለት የለበሰችው።

የወሊድ ፈቃዷ ሊያልቅ ዐሥር ቀን ሲቀረው፣ አንድ ጠዋት ቁም ሳጥኑን ከፈተችው። አቶ ሜትር ሚጡን (ልጅቷን ከተወለደች ጀምሮ እንዲህ ነው የሚሏት) አቅፎ ጀርባዋን መታ መታ እያደረገ ሊያስገሳት ይሞክራል። ሰማያዊው ዚፑ ወገብ ላይ ቆመ። ግራጫው ከጭን አላለፈም። ኮቱ ገባ፤ ክንዷ ግን እንደ አሻንጉሊት ወደ ፊት ተገትሮ ቀረ።

«በዚህ እጅ ሰሌዳ ላይ ልጽፍ?» አለች። ልትስቅ ፈልጋ ነበር፤ ድምፅዋ ከመሐል ተሰበረ።

«አዲስ እሰፋልሻለሁ» አላት። ይህን ያህል ተናግሮ መጨረሱ ለእሱ ብዙ ነው።

«አዲስ ሰፋህልኝ ማለት እኮ የድሮዋ አለቀላት ማለት ነው። አልፈልግም!» አልጋው ላይ ቁጭ አለች። «ሃምሳ ሁለት ልጅ ፊት ነው የምቆመው። ጠመኔ ብለው ሸኝተው ምን ብለው ሊቀበሉኝ ነው? እነዚህ ልብሶች ካልገቡልኝ አልሄድም። የአንድ ዓመት ፈቃድ እጠይቃለሁ።»

ከሰዓት በኋላ ደብዳቤው ተጽፎ ጠረጴዛው ላይ ነበር። በእጅ ጽሕፈት፣ ያለ አንድ ስርዝ። ፊርማ ብቻ ይቀረዋል።

አቶ ሜትር ደብዳቤውን አንሥቶ ሁለት ጊዜ አነበበው። ይህቺ ሴት ያለ ክፍል አንድ ዓመት! ጡት ስትቀይርላት እንኳን ሚጡን «አንድ ሁለተኛ እዚህ፣ አንድ ሁለተኛ እዚያ» እያለች የምታጠባ ሰው ናት። ናፕኪን ስታጥፍ ስለ ሦስት ማዕዘን ታስረዳታለች። ክፍሏ እንደናፈቃት ያውቃል፤ እንዲህ ብሎ የሚነግራት አፍ ግን አልፈጠረለትም። ደግሞ ልብስ ሰፊ ነውና፣ የዓለም ችግር ሁሉ ስፌት ላይ የሚፈታ ይመስለዋል። በማግስቱ ሰማያዊውን፣ ግራጫውንና ኮቱን ክንዱ ላይ ደርቦ «ተጨማደዋል፤ ልተኩሳቸው» ብሎ ይዞ ወጣ።

ሱቁ ውስጥ ቁልፍ የምትተክልለት አንዲት ሴት አለች፤ በዕድሜ ስለምትበልጠው «እትዬ» ይላታል። የአምስት ልጆች እናት ናት፤ መርፌዋም ምላሷም አይዶለዱሙም። አቶ ሜትር የሰማያዊውን ጎን በምላጭ መተርተር እንደጀመረ ከመነጽሯ በላይ አየችው።

«የማን ነው?»

«የደንበኛ።»

«የደንበኛ! ከኋላው ያለችውን ቁልፍ የተከልኳት እኔ አይደለሁ? የሚስትህ ነው። ታውቃለች?»

«ልተኩሰው ነው ብያታለሁ።»

«ወይ ጉድ!» መርፌዋን ደረቷ ላይ ሰካች። «ስማ አንተ ሰው። እኔ አምስት ወልጃለሁ። አምስቴ ከልብሴ ጋር ተጣልቼ፣ አምስቴ ታርቄያለሁ። አንድም ቀን ግን በሌለሁበት ያስታረቀኝ የለም።»

«ክፍል ትግባ እንጂ…»

«የሒሳብ አስተማሪን በቁጥር ልትሸውድ! ያውም አንተ፤ ስትዋሽ ጆሮህ የሚቀላው!»

አቶ ሜትር ጆሮውን ዳበስ አድርጎ መተርተሩን ቀጠለ። በሁለቱም ጎን፣ ከፊትም ከኋላም፣ ከያንዳንዱ ጠርዝ አንድ አንድ ጣት ለቀቀ፤ በስስ ሳሙና አሠመረ፤ ሰፋ፤ በካውያ ተኮሰ። ያ የሚሾፍበት ትርፍ ጨርቅ ለዚህ ቀን የተቀመጠ መሰለው። ግራጫው ጉርድም ተለቀቀ። ኮቱ ገበር ስላለው አስቸገረ፤ ከብብቱ ሥር ከገበሩ ጋር የሚመሳሰል ቁራጭ አስገባበት፤ እጅ ካልተነሣ አይታይም።

ልብሶቹን ቤት መልሶ ሚስቱ ሰማያዊውን ስትሞክር ሚጡ ተኝታ ነበርና ጩኸቱ የታፈነ ጩኸት ነበር። «ዚፑ! ዚፑን እየው!» ጀርባዋን ሰጠችው። ከታች እስከ ላይ ሄዷል።

እናቷ፣ አራሷን ልጃቸውን ለማረስ መጥተው እስካሁን ያልተመለሱት ሴትዮ፣ ከማእድ ቤት ብቅ አሉ። «እኔ ምን አልኩሽ? የእኔ ሾርባ ነው!»

«በሾርባማ ሰው ይከሳል እንዴ እማዬ? ሚጡን አዝዬ በግቢው የዞርኩት ነው እንጂ።»

«የማንን ሾርባ ጠጥተሽ ነው የዞርሽው?»

ሁለቱ ክብሩን ሲከፋፈሉ አቶ ሜትር ሚጡ እንዳትነቃ የሚጠነቀቅ መስሎ መስኮቱ ዘንድ ሄደ። ጆሮው ፍም መስሏል። ሚስቱ ደብዳቤውን ከጠረጴዛው ላይ አነሣች፤ ለሁለት ቀደደችው፤ እንደ ልማዷ ሁለቱን ደርባ ለአራት። በዚያው ስልክ አንሥታ ለታናሽ እህቷ ደወለች፤ ቀጥሎ ለአንዲት የሥራ ባልደረባዋ። «ተመለስኩ! አዎ፣ እንደ ድሮዬ! ሰማያዊው ልክክ አለልኝ!» እሱ እያንዳንዷን ጥሪ ሲሰማ፣ የሰፋው ስፌት አንድ በአንድ የሚተረተርበት መሰለው።

ቅዳሜ ከሰዓት ነው ጉዱ የፈላው። ሰኞ የምትለብሰውን ስትመርጥ ሰማያዊውን ይዛ ወደ መስኮቱ ተጠጋች። ፀሐዩ በመስኮቱ ይገባል። ቀሚሱ አራት ዓመት ታጥቧል፣ አራት ዓመት ገመድ ላይ ተሰጥቷል፤ ሰማያዊነቱ ፈዝዟል። ከብብት እስከ ጫፍ ግን፣ በግራም በቀኝም፣ ጥቁር ሰማያዊ የሆነ መስመር ወርዷል። ውስጥ ታጥፎ ፀሐይ ያላየው ጨርቅ ነው። ጣቷን በመስመሩ ዳር ስትሰድ የድሮው ስፌት ቀዳዳዎች፣ ተራ በተራ፣ እንደ ነጠብጣብ ተገኙ።

አቶ ሜትር ወንበር ላይ ሆኖ ለሚጡ ካልሲ ያደርግላታል።

«ስንት ነው?» አለች፣ ዘወር ሳትል።

«ምኑ?»

«የለቀቅከው።»

ጆሮው መለሰላት። ቢሆንም በአፉም ተናገረ፤ «ከየጠርዙ አንድ ጣት።»

«አራት ጠርዝ። አራት ጣት። ስምንት ሴንቲ ሜትር።» ሒሳቡን ስትጨርስ ነው የዞረችው፤ ዓይኗ እንባ ሞልቷል። «ደንበኛን የማትዋሸው ሰው እኔን ዋሸኸኝ። ለእህቴ ደውያለሁ። ለባልደረባዬ ደውያለሁ። እናቴ ሾርባዋን ለጎረቤት ሁሉ እየሰጠች ነው! ተመለስኩ ብዬ እኮ ነው ደብዳቤውን የቀደድኩት። እንደገና እጽፈዋለሁ።»

ወረቀትና እስክሪብቶ አምጥታ ተቀመጠች። ሰኞ ከእጁ አምልጦ ሲሄድ በዓይኑ እያየ ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ መቀስና ክር አይረዱም። አፉን መክፈት ነበረበት።

«የሰው ልብስ ላይ ሁለት ጣት ነው የምተወው» አለ።

ቀና አላለችም።

«ያ ቀሚስ ላይ ግን ሦስት ነው። ያኔ ስምሽን እንኳ አላውቅም። ገብተሽ ለካሁሽ፤ ሄድሽ። ስቆርጠው እጄ ሦስት ጣት ተወ። ይህቺ ሴት ገና ብዙ ትሆናለች አልኩ። ስትሆን ደግሞ የምለቅላት እኔ ልሁን አልኩ።» ትንፋሹን ሰበሰበ፤ በአንድ ዓመት የሚናገረውን ነው የተናገረው። «ሳልነግርሽ መልቀቄ ጥፋት ነው። ትርፉን መተዌ ግን ጥፋት አይደለም።»

እስክሪብቶው ቆመ።

«ያኔ ነው እንድወፍር የተመኘኸኝ ማለት ነው?»

«እ… እንደሱ ሳይሆን…»

«ባሌ ሳትሆን! ገና ስሜን ሳታውቅ!» ከንፈሯን ብትነክስም ሳቁ አመለጣት። ማእድ ቤት በር ላይ ሆነው ሁሉን የሰሙት እናቷ፣ «እና ሾርባዬ ምንም አልሠራም?» ሲሉ ሁለቱም ፈነዱ፤ ሚጡ ነቅታ አለቀሰች።

ካጠባቻት በኋላ ለእናቷ ሰጠቻትና ባሏ ፊት ቆመች። እጆቿን ከጎኗ ፈታ አደረገች።

«ለካኝ። ጮክ ብለህ። እንደ ደንበኛ።»

የመለኪያ ደብተሩን አመጣ። የእሷ ገጽ ላይ፣ ከአራት ዓመት በፊት በራሱ እጅ «ሰማያዊ፣ የመምህርቷ» ተብሎ ተጽፏል። ደብተሩን ከእጁ ተቀበለችው፤ «አንተ ለካ፤ እኔ እጽፋለሁ።»

ሜትሩን ከአንገቱ አወረደ። ከወለደች ወዲህ እንዲህ ቀርቦ አልለካትም ነበር።

«ደረት፣ ዘጠና ስድስት።»

«ሰማንያ ስምንት ነበር» እያለች ጻፈች።

«ወገብ፣ ሰባ ስድስት።»

«ስልሳ ስምንት ነበር።»

«ዳሌ፣ መቶ አንድ።»

«መቶ!» አሉ እናቷ፣ ሚጡን እየወዘወዙ። «እኔ ሦስተኛ ልጄን ወልጄም መቶ አልገባሁ።»

«እማዬ ዝም በይ፤ መቶ አንድ ነው።» የድሮዎቹን ቁጥሮች አልሰረዘችም። አዲሶቹን ከሥራቸው አሰለፈች፤ ትንሽ የመቀነስ ምልክት አድርጋ ልዩነቱን አወጣች፤ ከላይ ቀኑን ጻፈች። ከዚያ ትእዛዝ ጀመረች። «በዚፕ ከኋላ የሚዘጋ አይሆነኝም። በእረፍት ሰዓት ሚጡን ይዘህልኝ ስትመጣ እንዴት ላጥባት? ከፊት በቁልፍ ይሁን። ኪስ ይኑረው፤ ጠመኔ የሚይዝ።»

«መስመሩስ? በጨርቅ ልሸፍነው?»

ሰማያዊውን አንሥታ እንደገና ወደ ብርሃኑ ያዘችው። «ተወው» አለች።

እሑድ ጠዋት ሱቁ ተዘግቶ ሳለ ባልና ሚስቱ ከእትዬ ጋር ከውስጥ ሆነው ሠሩ። የሰማያዊውን ፊት ከላይ እስከ ወገብ መሐል ለመሐል ሲሰነጥቀው ሚስቱ ዓይኗን ጨፍና ጨርቁን ወጥራ ያዘችለት። እትዬ እየሳቀች ተጠጋች፤ ስድስት ቁልፍ መርጣ ስትተክል፣ «እንዲህ ነው ዕርቅ፤ ሁለቱም ወገን ባለበት» አለች። ግራጫው ጉርድና ኮቱም ጠረጴዛው ላይ ነበሩ፤ መምህርቷ ብብቱ ሥር ያስገባውን ቁራጭ በጣቷ ፈልጋ አገኘችው፤ «ጎበዝ፣ ይሄን እንኳ አላየሁትም ነበር» አለች። ሰማያዊው አልቆ ስትለካው ደግሞ ጎኑን ገልጣ ከውስጥ አየች።

«አሁንም ሁለት ጣት ይቀራል?»

«ይቀራል።»

«ለምን?»

«ለሚጡ ታናሽ።»

በመለኪያ ደብተሩ ጀርባውን አለችው። እትዬ ከሳቋ የተነሣ ክሩን በጥርሷ መበጠስ አቃታት።

ሰኞ የእረፍት ሰዓት ሊደርስ ሲል አቶ ሜትር ሚጡን በደረቱ ታቅፎ፣ ሜትሩን አንጠልጥሎ፣ ከትምህርት ቤቱ ኮሪደር ደረሰ። ደወሉ ገና አልተደወለም። ሚጡ የሜትሩን ጫፍ ይዛ ወደ አፏ ትወስዳለች። የክፍሉ መስኮት ክፍት ስለሆነ የአንድ ልጅ ድምፅ ይሰማል።

«ቲቸር፣ ቀሚስዎ ላይ መስመር አለ።»

አቶ ሜትር ከግድግዳው ጋር ተጣበቀ።

«አለ። በሁለቱም ጎን ነው፤ እዩት» አለች መምህርቷ። ጠመኔዋ ሰሌዳ ላይ ሲያንኳኳ ተሰማ። «ጻፉ። አንድ ልብስ ሰፊ አንድ ቀሚስ ላይ ከአራት ጠርዝ፣ ከእያንዳንዱ ሁለት ሴንቲ ሜትር ቢለቅ፣ የቀሚሱ ዙሪያ በስንት ይጨምራል?»

ትንሽ ተንሾካሾኩ፤ ትንሽ በጣት ቆጠሩ። ከዚያ ሃምሳ ሁለት ድምፅ ባንድ ላይ፣ «ስምንት!»

«ጎበዞች። ልብስ ሰፊውስ ምን ዓይነት ሰው ነው?»

«ይሄ ሒሳብ አይደለም ቲቸር!» አለ ያው ልጅ።

«አይደለም» አለች። ስትስቅ ተሰማው። ደወሉ ተደወለ፤ ሚጡ የሜትሩን ጫፍ ለቀቀችና ወደ ድምፁ ዞረች።