ባና የሆነው ስቶኪንግ

መካነ ሰላም ውስጥ የኮምፒውተርን በሽታ በአፍንጫው አሽትቶ የሚያውቅ ሰው ቢኖር እኔ ነኝ። ማንም አላስተማረኝም። የመጀመሪያዋን የፈታሁት በሽንኩርት ቢላ ነው፤ ስገጥማት አራት ብሎን ተረፈኝ፤ እሷ ግን ይኸው እስከ ዛሬ ትሠራለች። ከወግዲም ከከላላም ሰው ማሽኑን በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልሎ ይዞልኝ ይመጣል። ጉራ ነው ካላችሁም ይሁን፣ ጉራ ነው።

ጠላቴ ወፍጮ ቤቱ ነው። ባለቤቱ ከሳውዲ ተመለሰና ከጥገና ሱቄ በስተቀኝ ያለውን ክፍል ተከራይቶ ወፍጮ ተከለ። ከዚያ ወዲህ ሱቄ ውስጥ ዱቄት ይዘንባል። ጠረጴዛዬ ነጭ፣ ቅንድቤ ነጭ። አንድ ቀን በሩ ላይ ቆሜ፣

«አንተ ሰውዬ፣ ሳንባዬ ውስጥ ቂጣ ልትጋግር ነው?» አልኩት።

«ዱቄቴን በነጻ እየበላህ ወፈርክ እንጂ ምን ሆንክ?» አለኝ።

ወረፋ የያዙት ሴቶች ሳቁ። ያንን ሳቅ በልቤ ያዝኩት። ከዚያ በኋላ ሰላም መባባል ቀረ፤ ለቅሶ ቤት እንኳ ስንገናኝ አንዳችን ከዳሱ ወዲህ ዳር፣ አንዳችን ከዳሱ ወዲያ ዳር ነው የምንቀመጠው።

በግራዬ ደግሞ ጽሕፈትና ፎቶኮፒ ቤት አለ። ባለቤቷ ወጣት ናት። አራት ዓመት አረብ አገር ሰው ቤት ለፍታ ያተረፈችው አንድ ኮምፒውተርና አንድ ፕሪንተር ነው። ሱቁን የከፈተች ሰሞን አቧራ እንዳይገባበት መላ ያበጀሁላት እኔ ነኝ። የሴት ስቶኪንግ ቆርጬ፣ ማሽኑ አየር በሚስብበት ወንፊት ላይ ወጠርኩና ዙሪያውን በፕላስተር አሸግኩት። «እስክትሞቺ ድረስ እንዳትነኪው!» አልኳት። እሷም ቃሌን እንደ ሼህ ቃል ያዘች።

በዚህ በጋ ማሽኑ ሥራ መሀል ድርግም እያለ መጥፋት ጀመረ። አንድ ቅዳሜ፣ ከከላላ በበቅሎ የመጡ አባት የመሬት አቤቱታቸውን ሲያስጽፉ ሦስቴ ጠፋባት። አራተኛውን አልጠበቁም። «ልጄ፣ በእጅ የሚጽፍልኝ ሰው ብፈልግ ይሻለኛል» ብለዋት ወጡ። እግራቸው እንደወጣ አረብ አገር የሚልከው ደላላ ደወለላት፤ ቪዛ መጥቷል፣ እሺ በይ ይላል። እኔ ዘንድ ስትመጣ ዓይኗ ቀልቷል።

«ይሄ ማሽን ከሞተ ተመልሼ መሄዴ ነው፣ ጋሼ። ወላሂ፣ እዚያ ቤት ተመልሼ ከምገባ…» አልጨረሰችውም።

«አብሽሪ!» አልኳት። «ገዳዩን አውቀዋለሁ።»

ያ በአፍንጫዬ አውቃለሁ ያልኩት እኔ፣ ያን ቀን ሳላሸት፣ ብሎን ሳልፈታ፣ ማሽኑን ተሸክሜ ወፍጮ ቤት ገባሁ። እሷም ስክሪኑንና ኪቦርዱን አቅፋ ተከተለችኝ። የገበያ ቀን ስለሆነ ቤቱ በሰውና በስልቻ ተጨናንቋል። ማሽኑን የእህል ሚዛኑ ላይ ዘፍ አደረግኩት።

«ይኸው፣ ዱቄትህ የገደለው! ልጅቱን አረብ አገር ልትመልሳት ነው!»

ሰውዬው ወፍጮውን አጠፋው። «ክፈተዋ! ዱቄቱን አሳየን!»

ሰንጋ እንደሚያርድ ሰው እጅጌዬን ሰብስቤ ክዳኑን ከፈትኩ። ውስጡ ያብለጨልጫል። ፋኑ ላይ የተቀመጠች አንዲት የዱቄት ብናኝ የለችም።

«ዱቄቱ የታለ?»

ፋኑን በጣቴ ጠረግኩት፤ ጣቴ ንጹሕ ወጣ። እሱ ጎንበስ ብሎ ማሽኑን አገላብጦ አየና ፕላስተሩን ገሽልጦ ስቶኪንጉን በሁለት ጣቱ አወጣው። ባና ሆኗል! የመንገዱ ቀይ አቧራ፣ ክሩ፣ ፀጉሩ ተጠቅጥቆ፣ በውርጭ ትከሻ ላይ ጣል የሚያደርጉት ወፍራም ባና ሆኗል።

«እኔ ጅዳ ስምንት ዓመት የኤሲ ወንፊት ሳጥብ ነው የኖርኩት» አለ። «በየሳምንቱ ያልታጠበ ወንፊት አፍንጫ እንደሚያፍን እጅ ነው። ይሄ ማሽን ታፍኖ፣ ግሎ ነው የሚጠፋው። ማነው ይሄን ያሰረው?»

ልጅቱ ከበሩ ላይ፣ ቀስ ብላ፣

«እርስዎ ነዎት እኮ፣ ጋሼ። እስክትሞቺ እንዳትነኪው አሉኝ።»

ሴቶቹ አልሳቁም። ያ ከሳቁ ባሰብኝ።

ሰውዬው ማሽኑን ራሱ ሰካው። «ጻፊ» አላት። «ወፍጮዬንም አስነሣለሁ። ዱቄቴ ይግደለው እስኪ!» ዓይኑ እኔ ላይ ነው። ወፍጮው ሲያጓራ፣ ዱቄቱ ሲቦን፣ እሷ ስልቻ ላይ ተቀምጣ ሦስቴ ጠፍቶባት በቃሏ የያዘችውን የከላላውን አባት አቤቱታ ከመጀመሪያው ጀመረች። እኔ እጄን ከማሽኑ ኋላ ዘረጋሁ። አየሩ ይወጣል፤ ለብ ያለ፣ የማያቋርጥ። የአንዲት ሴትዮ ጤፍ ተፈጭቶ አለቀ፣ የሌላዋ ተጀመረ፣ ማሽኑ አልጠፋም። ጽፋ ስትጨርስ ማሽኑን ሱቋ መለስኩላት፤ አተመችና ወረቀቱን ይዛ ሮጠች። የከላላው አባት በቅሏቸውን ሲጭኑ ደረሰችባቸው። ስትመለስ ስልኳ እየጮኸ ነበር፤ ደላላው ነው። አነሣችና «አልሄድም» አለች። ሌላ ቃል አልጨመረችም።

አሁን ደንበኛ ሲመጣ «ስቶኪንጉን በየሳምንቱ እጠቡት» እላለሁ፤ ከተወለድኩ ጀምሮ የማውቀው ይመስል። ባለ ወፍጮው ይሰማኛል፤ ሆን ብሎ ጮክ አድርጎ ያስላል። ሰላም ዛሬም አንባባልም፤ ወደፊትም አንባባልም።

እሷ በየቅዳሜው ስቶኪንጓን ታጥባለች። የምታሰጣው ከእኔ በር በላይ ባለው ገመድ ነው፤ በራሷ በር ላይም እኮ ገመድ አላት። ስገባና ስወጣ ውሃው ማጅራቴ ላይ ጠብ ይላል። አንድም ቀን አንሺው ብያት አላውቅም።