ፓውደር የተነሰነሰበት ሞተር

የልጅ ልጄን አጥቤ ፓውደር ስነሰንስላት የአባቴ መኪና ትዝ ትለኛለች።

በደርግ ጊዜ ሮቤ ነበርን። አንድ ቀን፣ በማግስቱ አክስቴን ለሠርጓ ጎባ የምታደርሰው አሮጌዋ የናፍጣ መኪናችን ዘይት ማንጠባጠብ ጀመረች። አባቴ ከሥሯ ገብቶ የታችኛውን ብሎን ሁሉ ቢያጠብቅም ፍሳሹ አልቆመም። በመጨረሻ ሞተሩን አጥቦ አደረቀና፣ "ፋጡማ፣ የወንድምሽን ፓውደር አምጪ!" አለኝ። እንደ ሕፃን ነሰነስንበትና አስነሳው። ወዲያው ከላይኛው ክዳን ሥር ጥቁር ዘይት በነጩ ላይ መስመር ሠርቶ ወረደ።

"ጥፋቱ ከላይ ነው! እኛ በከንቱ ታች ያለውን ስናስጨንቅ!" ብሎ ጮኸ።

እናቴ ከቤት ሮጣ ወጣች። "ያ አላህ! ቀበሌ ይሰማሃል!"

አባቴ ወደ አጥሩ ዞሮ፣ "የሞተሩን ነው! የሞተሩን!" አለ። ሁለቱም በሳቅ ፈረሱ፤ እኔም ሳይገባኝ አብሬ ሳቅኩ።

ዘይት እንዳያፈስ ክዳኑን የሚያሽገውን ጓርኒሲዮን ቀየረ፤ አክስቴንም እየዘፈንን ጎባ አደረስናት። ያኔ ላይ ያሉትን መውቀስ ያሳስር እንደነበር የገባኝ ካደግኩ በኋላ ነው፤ በገባኝ ዕለት ብቻዬን እንደ አዲስ ሳቅኩ።