ቁጥር የተጻፈባቸው ድንጋዮች

መምህሩን ተማሪዎቻቸው እሳቸው በሌሉበት «ጋሽ ቋጥኝ» ይሏቸዋል። ሲያንሳቸው ነው! የአንደኛ ዓመቱን የሥነ ምድር ኮርስ ሃያ ሁለት ዓመት ሲያስተምሩ ከሰሌዳው አጠገብ ንቅንቅ ብለው አያውቁም። እሳቸው ያነባሉ፣ ልጆቹ ይጽፋሉ። ግማሹ ተማሪ ሲወድቅ «ኮርሱ ከባድ ነው» ይላሉ፣ ደረታቸውን ነፋ አድርገው።

ማንም የማይወድቅበት ፈተና ቢኖር የድንጋዮቹ ነበር። አሥራ ሁለት ድንጋዮች፣ በያንዳንዱ ላይ በነጭ ቀለም የተጻፈ ቁጥር፤ ተማሪው የድንጋዩን ስም ይጽፋል። አንድ ግራናይት፣ ሁለት ባዛልት እያለ የሚወርደው ዝርዝር ከነባር ተማሪ ወደ አዲስ ሲተላለፍ ስንት ዘመኑ! እሳቸውም የሚያርሙት መልሱን በቃላቸው ይዘው ነው።

ዘንድሮ ሁሉም ሲደፍን አንዲት ልጅ ብቻ ዜሮ አገኘች። ዓይኗ በደንብ አያይላትም። «ጽሑፉን አጉልተው ይጻፉልኝ» ብላ ብትጠይቃቸው ጆሮ ዳባ ልበስ ብለዋታል፤ ያንን ዝርዝርም ያነበበላት የለም። በዚህ ውጤት ከትምህርት ክፍሉ መሰናበቷ ነው። ቢሯቸው ድረስ መጣች።

«መምህር፣ ቁጥሩን የፈተና ተቆጣጣሪው ነገረኝ፤ ድንጋዩን ግን በእጄ ዳስሼ ነው የለየሁት። ሁሉንም ልሳሳት አልችልም።»

«ዜሮ ዜሮ ነው፣ ልጄ።»

ልጅቷ ፍንክች አላለችም፤ ከሳቸው ብሳ ቋጥኝ ሆነች። የድንጋዮቹ ሳጥን መጣ። ሁለት ቁጥሩን ድንጋይ በዳሰሳ ለይታ አነሳችና በጥፍሯ ፋቀችው። «ይሄ አሸዋ ድንጋይ ነው። ይኸው፣ ይረግፋል።»

መነጽራቸውን አደረጉ። መዳፏ ላይ አሸዋ አለ። አሥራ ሁለቱንም አንድ በአንድ አዩ፤ አንድም አልሳተችም። ክው አሉ።

የንብረት ክፍሏን ሠራተኛ አስጠሯት። «ቁጥሩ ለቆ ነበር፤ አጥቤ እንደመጣልኝ እንደ አዲስ ጻፍኩበት» አለች። «ድንጋይ ያው ድንጋይ ነው ብዬ ነዋ።» እሳቸውስ ድንጋዩን መቼ አዩት?

የልጅቷን ውጤት ብቻ አስተካክለው ነገሩን ዋጥ ማድረግ ይችሉ ነበር። ሁለት ቀን አሰቡበት፤ አፈሩም። በሦስተኛው ቀን ክፍል ገብተው ለልጅቷ ሙሉ ሰጧት፣ የሌላውን ሁሉ ሰረዙ። «እናንተ ድንጋዩን አላያችሁም፤ እኔም አላየሁም» አሉ። ቁጥሩን አስፍቀው ድንጋዮቹን በየጠረጴዛው አከፋፈሉ፣ ልጆቹንም አራት አራት አድርገው አስቀመጡ። ራሳቸውም ወንበር ስበው ከልጅቷ ቡድን ጋር ተቀመጡ።

ልጅቷ አንድ ድንጋይ አቀበለቻቸው። «ዓይንዎን ጨፍነው ይሞክሩት።»

ዳሰሱት፣ በእጃቸው መዘኑት፣ በጥፍራቸው ፋቁት። ስሙ አልመጣ አለ። በዚያ ክፍል ውስጥ ከአፋቸው ወጥቶ የማያውቅ ነገር ተናገሩ።

«አላውቀውም።»

ይስቁብኛል ብለው ጠበቁ። ከጎናቸው የተቀመጠው ልጅ ግን እጁን ዘረጋላቸው። «እኔንም አቅቶኛል መምህር። እስቲ ያምጡት፣ ለሁለት ይቀለን ይሆናል።»