ካርድ ክፍል ሁለት

ሆስፒታሉ ውስጥ «ሪስታርት» ሲባል የማያውቀው የለም፤ የኮምፒውተር ባለሙያው ነው። ስሙን ያወጡለት ነርሶቹ ናቸው፣ ደግሞ ልክ ናቸው። ደውሎ አቤት ላለው ሁሉ መልሱ አንድ ነው። ኮምፒውተሩ ቆመ? ሪስታርት አድርጊው። ማተሚያው እምቢ አለ? ሪስታርት። ሰው ሰነፍ ይለዋል። እኔን ከጠየቃችሁኝ ሰነፍ አይደለም፣ ፈሪ ነው። ከወንበሩ ከተነሳ ጉድ የሚፈላ ይመስለዋል።

የሚያስፈራው ፊቱ ያለው ስክሪን ነው። የሆስፒታሉ ኮምፒውተሮች በሙሉ በየስማቸው ተደርድረውበታል፤ ከየስሙ አጠገብ ቀለም አለ። አረንጓዴው አዲሱን አፕዴት ተቀብሏል፣ ቢጫው እየጫነ ነው፣ ቀዩ እምቢ ብሏል፣ ግራጫው ደግሞ ድምፁ ጠፍቷል። ቀይ ካየ ከስክሪኑ ፊት አይነሳም። ምሳው ፊቱ ቀዝቅዞ የቀረበትን ቀን ማን ቆጥሮት!

ያን ቀን ጠዋት ግን ፍርሃቱ ሌላ ነበር። ታናሽ እህቱ ምጥ ይዟት ማዋለጃ ክፍል ገብታለች። እናትና አባታቸው በጊዜ ነው የሞቱት፤ ያሳደጋት እሱ ነው፣ እስከ ዛሬም «ወንድም ጋሼ» ነው የምትለው። የመጀመሪያ ልጇ ሆዷ ውስጥ ሞቶባታል። ልቡ መቼ እንደቆመ እንኳ ያወቀ አልነበረም። ስለዚህ ዶክተሩ በዚህኛው አስጠንቅቋል፦ የልጁ የልብ ትርታ ለአፍታም ከዓይን እንዳይጠፋ። ሆዷ ላይ የታሰረው ቀበቶ ትርታውን አልጋው አጠገብ ላለው ኮምፒውተር ይልካል፣ ኮምፒውተሩ ደግሞ መስመር እየሠራ ያሳያል።

አለቃው የደወሉት ልክ በዚያ ሰዓት ነው።

«አፕዴቱ ዛሬውኑ ይጫን! ሌላ መሥሪያ ቤት አፕዴቱ በሚደፍነው ቀዳዳ ሌባ ገብቶ ሁሉን ነገር ቆልፎባቸዋል። ነገ የሚል ቃል እንዳልሰማ!»

ምን ያድርግ? ሁልጊዜ የሚሠራበት መንገድ አለው፤ ለሁሉም ባንዴ አይልክም። መጀመሪያ ቢበላሽ ሰው ወደማይጎዳበት ይልካል፣ እሱም ካርድ ክፍል ነው። ማዋለጃን መጨረሻ ላይ አደረገው። እሱም አልበቃው ብሎ «እሷ ወልዳ እስክትነሳ ማንም አይነካውም» ብሎ ከነጭራሹ አወጣው። የማዋለጃው ኮምፒውተር ስሙ ላይ ግራጫ ከሆነ ሰንብቷል። ሌላ ጊዜ ቢሆን ያብሰለስለው ነበር፤ ያን ቀን ግን እሰይ አለ። ኔትወርኩ ተነቅሎ ይሆናል፣ ኔትወርክ ከሌለው አፕዴቱም አያገኘውም። አይ የሰው ነገር!

ካርድ ክፍል አንድንና ካርድ ክፍል ሁለትን መርጦ ላከ። እዚያ የምትሠራዋ ልጅ «በኋላ» የምትለዋን ምልክት መጫን ሱስ ስለሆነባት፣ ድሮውኑ ምልክቷን አጥፍቶባታል። አፕዴቱ ሲደርስ ኮምፒውተሩ ማንንም ሳይጠይቅ ራሱን አጥፍቶ ይነሳል።

አንዱ ወዲያው አረንጓዴ ሆነ። ሁለተኛው ቢጫ ላይ ቆየ፣ ቆየ። ደወለላት።

«እስቲ ካርድ ክፍል ሁለትን እይልኝ፣ ምን ይላል?»

«የቱን ሁለት?»

«አጠገብሽ ያለውን ነዋ!»

«እሱማ የለም እኮ። የማዋለጃዋ ሲስተር ባለፈው ሳምንት አሸክማ ወሰደችው።»

«ምን?»

«የነሱ እየቆመ አስቸገራት። ለአንተ ስትደውል ሪስታርት፣ ስትደውል ሪስታርት… ሰለቻት መሰለኝ። አልነገረችህም?»

ኮምፒውተሩ የካርድ ክፍል ስሙን እንደያዘ አሁን እህቱ አልጋ አጠገብ ነው ማለት ነው! ስልኩን አልዘጋውም። ወንበሩ ወድቆ ሲንኳኳ እሱ በር ላይ ነበር። ኧረ የፈጣሪ ያለህ! ደረጃውን እንዴት እንደወጣው አያውቅም፤ ኮሪደሩ ላይ ሰው ገፍቷል፣ ይቅርታም አላለ። ማዋለጃ ክፍል ገባ።

ስክሪኑ ላይ መስመር የለም። «እየተጫነ ነው፣ ኮምፒውተሩን አያጥፉ» ይላል። ሲስተር ጎንበስ ብላ፣ የእንጨት መስሚያውን እህቱ ሆድ ላይ ተክላ ጆሮዋን ለጥፋበታለች።

«ሲስተር፣ እኔ ነኝ የ…»

«ዝም በል!»

መተንፈስም ፈራ፤ ትንፋሹ የልጁን ትርታ የሚሸፍንባት መሰለው። እህቱ ላብ አጥምቋት ዓይኖቿን ከስክሪኑ ወደ እሱ መለሰች።

«ወንድም ጋሼ፣ ለምንድነው የጠፋው? ልጄ ነው አይደል? እንደዚያኛው ነው አይደል?»

«ኮምፒውተሩ ነው። ኮምፒውተሩ ብቻ ነው፣ የኔ እናት።» ያጠፋው እሱ መሆኑን አልነገራትም።

የሲስተር ጣት የሰማችውን ትርታ እየተከተለ የአልጋውን ብረት ይመታል። እሱ ከዚያች ጣት ዓይኑን አልነቀለም። ጣቷ ዘገየ። ደግሞ ዘገየ። መስሚያውን አነሳች፣ ቦታ ቀየረች፣ እንደገና ጆሮዋን አደረገች፣ ከዚያ ቀና ብላ ጮኸች።

«ዶክተሩን ጥሩልኝ! ኦፕራሲዮን ክፍል ይከፈት፣ አሁኑኑ!»

ቀበቶውን ፈትተው፣ አልጋውን እየገፉ ይዘዋት ወጡ። እሱ ባዶው ክፍል ውስጥ ቀረ። ያኔ ነው ኮምፒውተሩ አፕዴቱን ጨርሶ የተነሳው። ቀበቶው ከግድግዳው ተንጠልጥሏል፣ ስክሪኑ ላይ መስመሩ ከዳር እስከ ዳር ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ሰው ስላልታሰረበት እንደሆነ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ያም ሆኖ ማየት አልቻለም፤ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረና እንደ ሕፃን አለቀሰ።

ልጁ ተረፈ። ጩኸቱ ኮሪደሩን ሲሞላው የካርድ ክፍሏ ልጅ እንኳ ከታች ሰምታ እልል አለች። እህቱን ወደ አልጋዋ ሲመልሷት ከንፈሯ ደርቋል፣ ልጁ ደረቷ ላይ ነው። ሲስተር ከጎኗ ቆማ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ አናገረችው።

«ትርታው መቼ መውረድ እንደጀመረ አላውቅም። መስሚያውን ከመሳቢያ እስካወጣ ድረስ ያየውም የሰማውም የለም። ትንሽ ብንቆይ…»

ወደ አልጋው ተጠጋ።

«የኔ ጥፋት ነው» አላት እህቱን። «ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

እህቱ ግን ከደስታዋ ብዛት ነገሩ አልገባትም። ድካም ባለው ድምፅ ሳቀችበት።

«ምኑን? ኮምፒውተሩን ነው? ተወው ወንድም ጋሼ፣ እሱማ ሪስታርት ይደረጋል።»

ሲስተር አልሳቀችም። እሱም አልሳቀም።